ለእኔ ያልወጣችው ድርጭት

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ዛሬ ሀሲባን እኔ የምሠራበት መካነ አራዊት ሥራ አስጀመርኳት። ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሜፕልዉድ በሚባል ከተማ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እኔ ከላይ እሷ ከታች ስንኖር ሁለት ዓመት ሆነን። የወሎ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ድምፅዋ ከአጠገቧ ላለ ሰው እንኳ የማይሰማ። አረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ወገቤ አለቀ ብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አግኝቻት ማመልከቻዋን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ለአለቃዬ ለኩምሳም "እንደ ልጄ ናት" ብዬ ቃል የሰጠሁላት እኔው። ዘጠና ቀን የሙከራ ጊዜ አላት።

መካነ አራዊቱን አዞርኳት። ወፎቹ ያሉበት መስታወቱ ቤት ስንገባ መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፈነና ሳቀች። ውጪ ጆሮ የሚቆርጥ የሴንት ፖል ብርድ ነው፣ ውስጡ ግን የሐሩር አገር ተራራ ጫካ። ጭጋግ የሚረጨውን ቱቦ፣ ትንሿን ፏፏቴ፣ ፈርን የሚባለውን ጥቅጥቅ ያለ ተክል፣ መሬቱን የሸፈነውን ቅጠል አሳየኋት። ስለ ድርጭቶቹ ግን በአፌ ብቻ ነገርኳት፤ አይታዩማ።

የጫካ ድርጭት ጥንድ ናቸው፣ የቄብ ዶሮ ያህላሉ፣ ቡናማ ናቸው። መብረር ሞታቸው ነው። መሬት ለመሬት ቅጠል እየጫሩ ይኖራሉ፣ የሰው ኮቴ ከሰሙ ራሳቸው ቅጠል ይሆናሉ። ጠዋት ወንዱ ይጠራል፣ ሴቷ ከአፉ ትቀበለዋለች፣ እየተቀባበሉ ሲሄዱ የማያውቅ ሰው አንድ ወፍ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያን ስለ እነሱ ሳወራ "እስራኤል በምድረ በዳ የበላው ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። አራት ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ። ሴቷን በደንብ ያየኋት አሥራ አንድ ጊዜ ነው፣ ቀኑ ሁሉ ተጽፎ አለኝ።

ሀሲባ "አንቱ" ትለኛለች። አንቺ በይኝ ብላት እሺ ብላ መልሳ አንቱ አለችኝ።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ። ሀሲባ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ሁላችንም ለምሳ ስንወጣ እሷ መስታወቱ ቤት ገብታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ምን ትሠሪያለሽ ስላት "ምንም እትዬ፣ መቀመጥ ነው" አለች። መቀመጥማ ማን ያቅተዋል።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

ከምሳ ስመለስ ሀሲባ በር ላይ ጠበቀችኝ። "እትዬ፣ ሴቷ ወጥታ ነበር። ጫማዬ ሥር ጫረች ጫረችና ሄደች።"

"ወንዱ ይሆናል" አልኳት።

"የለም፣ ደረቷ ደብዘዝ ያለው ናት።"

ልክ ናት። በሁለት ሳምንት ከግማሽ ለይታቸዋለች፤ እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል። እሰይ፣ የዕለቱ ሪፖርት ላይ ጻፊው አልኳት። ጻፈችው። የእጅ ጽሑፏም ያምራል።

ቅናት አይደለም። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ በወፍ የምቀና ሴት አይደለሁም። እኔ የማስበው ለወፏ ነው፤ ሰው የለመደ የዱር ነገር መጨረሻው አያምርም።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

በምሳ ሰዓቴ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ትል በመዳፌ ይዤ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። እግሬ ደነዘዘ፣ ሹራቤ ረጠበ። ልክ ቅጠሉ ኮሽ ሲል ስልኬ ጮኸ። አማኑኤል ነው፣ ባሌ፤ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ኔብራስካ ደርሶ ነበር። የት ነሽ አለኝ። ወፏን እየጠበቅኩ ነው አልኩት።

"ወፍ ናት እኮ፣ ልጅሽ አይደለችም" ብሎ ሳቀ።

ስዘጋው ኮሽታው የለም። ደግሞ ሲደውል አላነሳሁለትም። ትሎቹን ቅጠሉ ላይ በትኜ ወጣሁ፤ ምሳዬንም አልበላሁ።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ሩሐማ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ትረዳናለች። ልጄ አሥራ ስድስት ሞላት። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ "አይ ዶንት ኖው፣ ማም" ትለኛለች። ቋንቋው አልገባ ብሏት ነው እያልኩ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ከሀሲባ ጋር ቅጠሉን በውኃ ሲያረጥቡ ሰማኋት። "ይቺ ወፍ ዓይነ አፋር ናት አይደል? እኔም ትንሽ ስሆን እንደዚህ ነበርኩ።" በአማርኛ! ጥርት ባለ! እኔ ከፈርኑ ኋላ ነበርኩ። አልተደበቅኩም፣ ቱቦውን እያየሁ ነው።

ቤት ስንገባ "አማርኛሽ ለሀሲባ ብቻ ነው የሚወጣው?" አልኳት። ጫማዋን እየፈታች በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ሀሲባ ስሳሳት አታርመኝም፣ አለችኝ።

እኔ የማርማት ለማን ብዬ ነው?

ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ

ኩምሳ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ፎቶ አሳየን። ድርጭቷ ሀሲባ ጫማ አጠገብ ቆማ አንገቷን ሰገግ አድርጋለች። ድረ ገጻችን ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው ወዶታል። ኩምሳ እዚሁ ሚኒሶታ ያደገ የኦሮሞ ልጅ ነው፣ አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ይህን ያህል ዓመት እንዲህ ያለ ፎቶ አላገኘንም" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ቀድሜ ያቆምኩትም እኔ ነኝ።

ከሰዓት አንዷ የቲኬት ሠራተኛ "የድርጭቷ ልጅ የት አለች?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን! እስከ ታኅሣሥ ድረስ የድርጭቷ ሴትዮ የምባለው ማን ነበር።

ሀሲባ አንገቷን ደፍታ "እትዬ ናቸው ያስተማሩኝ" አለቻት። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ወንዱ ብቻውን ጠራ። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ የሚቀበለው የለም። ኩምሳ ሴቷ ታማ እንዳይሆን ብሎ ሰጋ። እኔ ዝም አልኩ። እነሱ በዓይናቸው ነው የሚያውቋት፣ እኔ አራት ዓመት በጆሮዬ ነው ያወቅኳት። ሴቷ ዝም ያለችው ስለታመመች አይደለም።

ማርች 6፣ ሐሙስ

አገኘሁት።

ከፈርኑ ጥግ፣ ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ ከቅጠል የተሠራ ጣሪያ ያለው ጎጆ። በሩ በጎን ነው። ካላወቁ የቅጠል ክምር ነው። ሴቷ ለመብላት ስትወጣ ጠብቄ በጉልበቴ ሄድኩና አየሁ፤ አራት ነጫጭ እንቁላል። እዚህ ቤት ውስጥ ከዚህ በፊት ጎጆ ተሠርቶ አያውቅም። ጌታን አመሰገንኩ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ጎጆ ያየ ሰው በዚያው ቀን ሪፖርት ያደርጋል፣ ቦታው ይታጠራል፣ ሰው አይጠጋውም። አውቀዋለሁ፣ ሀሲባንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ግን ዛሬ ብናገር ነገ ምን ይሆናል? ወፏ ለምዳታለች ተብሎ ጠባቂዋ ሀሲባ ትሆናለች። ደግሞ ፎቶ፣ ደግሞ ጭብጨባ። እንቁላሎቹ በኤፕሪል መጀመሪያ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ይውጡ፣ ያኔ ኩምሳን በእጁ ይዤ ወስጄ አሳየዋለሁ። አንድ ነገር እንኳ የእኔ ይሁን።

ጣሪያው ላይ ጥቂት ቅጠል ጨመርኩበት። ሪፖርቱ ላይ "ሁሉም ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ደህና ናቸዋ።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ረመዳን ስለሆነ ሀሲባ አሁን በየቀኑ ምሳ ሰዓት እዚያው ናት። መብላት አቃተኝ፤ ሳንድዊቹን ይዤ ልቤ መስታወቱ ቤት ነው። ዛሬ ጠርቻት "ወደ ፈርኑ ጥግ አትሂጂ፣ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ ትወድቂያለሽ" አልኳት።

"እሺ እትዬ" አለች። ቶሎ አለች፣ ለምን እንኳ ሳትለኝ።

ማርች 17፣ ሰኞ

ጎጆው አጠገብ ሰው ትል አስቀምጧል። በንጹሕ ቅጠል ላይ፣ ተደርድሮ። እኔ አይደለሁም። ኩምሳ ይሆን? ኩምሳ ቢያየው ዝም አይልም ነበር። መኖ ከሚዘጋጅበት ክፍል ሲያመጡ የወደቀ ይሆናል።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ወንዱ አሁንም ለብቻው ይጠራል። ሰዎች ያሳዝናል ይላሉ፤ እኔ በልቤ እስቃለሁ። ደስታ ለብቻ ሲሆን ግን ለካ ከበደ። ዛሬ ለሩሐማ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሀሲባ ትነግራታለች ብዬ ተውኩት።

ማርች 24፣ ሰኞ

የጠዋት ስብሰባ። ኩምሳ "ፈርኑ ጥግ ቅጠሉ ለምን አልተቀየረም?" ብሎ ሀሲባን ጠየቃት። እሷም "እትዬ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ አትሂጂ ብለውኛል" አለችው። እሱም ወዲያው ስልኩን አወጣ። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቱቦውን የሚቀይሩ ሠራተኞች ይመጣሉ አለን።

እንግዲህ ይሄ የገዛ አፌ ሥራ ነው።

ከዚያ ኩምሳ ዙሪያውን አየና "እዚያ ጥግ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አለ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ቀና ስል ሀሲባ እያየችኝ ነው። ምን ታየኛለች? ኩምሳ ቀጠለና "ሀሲባ፣ ረቡዕ ወፎቹን አንቺ ታረጋጊልናለሽ፣ አንቺን ነው የሚያምኑት" አላት። አፌ ተዘጋ።

ምንም አይደለም። ረቡዕ በማለዳ እገባለሁ። ጎጆው ፊት ሳንቃ አቆማለሁ፣ ለሠራተኞቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ በዚያች በኩል እንዳትረግጡ እላለሁ። አልቆ ያድራል፣ ማንም ሳይሰማ።

ማርች 26፣ ረቡዕ

በረዶ ጣለ። አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ሠራተኞቹ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ተሰርዞባቸው ከሰዓታቸው ቀድመው ገብተዋል። ስደርስ መሰላሉ ጥጉ ውስጥ ቆሟል።

ሁለቱ እንቁላሎች ተሰብረዋል። ሁለቱን ሀሲባ ይዛለች። ቀድማኝ ደርሳ ተንበርክካ፣ በሻርፗ ጠቅልላ ደረቷ ላይ። ቀና ብላ አየችኝ።

ሴቷ የት እንዳለች አይታወቅም። ወንዱ ይጮኻል።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ሁለቱም እንቁላሎች ሞተዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየን። ውስጣቸው ጫጩት ነበረ። ሊወጡ አሥር ቀን አይሞላቸውም ነበር።

ማርች 28፣ ዓርብ

ኩምሳ ሁላችንንም ሰበሰበ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ይህን ጎጆ ያየ ሰው ነበር?" አለ።

ሀሲባ እጇን አነሣች። "አይቼዋለሁ። መጻፍ ነበረብኝ።"

እኔ የሸሚዜን ቁልፍ እያየሁ ነበር። አራተኛው ቁልፍ ላልቷል።

ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከደበቀ ይሰናበታል። ኩምሳ እያዘነ ነገራት። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተከተልኳት። ዕቃዋን በላስቲክ እየከተተች ነበር።

"መቼ አየሽው?" አልኳት።

"አንቱ ባዩ በሁለተኛው ቀን። በፊቱ ቀን ቅጠል ሲጨምሩበት አይቼዎት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"የእትዬ ነው ብዬ ነዋ። አራት ዓመት የደከሙበትን እኔ ከትናንት ወዲያ መጥቼ ቀድሜ ባወራው ምን ይባላል? የምሥራች የሚናገር ታላቅ ነው። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ ጠበቅኩ።"

"ሰኞ ኩምሳ ሲጠይቅስ?"

"አየሁዎት እኮ፣ እርስዎን። ይናገሩ ብዬ።"

ትሎቹን ያስቀመጠች እሷ ናት። አልጠየቅኳትም፣ ታወቀኝ።

ለእኔ ብላ ዝም አለች፣ እኔ በእሷ ላይ ዝም አልኩ፣ በሁለታችን ዝምታ መሐል እንቁላሎቹ ሄዱ። ደግሞ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ዝም አልኩ። አማኑኤል ሲደውል ሥራ እንዴት ዋለ አለኝ፣ ደህና አልኩት።

ማርች 30፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሀሲባ በራችን ላይ ቆማለች። ዒድ ነው። ሥጋዋን እንደማልበላላት ስለምታውቅ የምስር ሳምቡሳና ብስኩት ብቻ አድርጋ ሳህን ሙሉ ይዛ መጣች። ሩሐማ አቀፈቻት። እኔ "ዒድ ሙባረክ" ብዬ ሳህኑን ተቀበልኳት።

ሩሐማ ሦስት ሳምቡሳ በላች። እኔ አንዱን ነክሼ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። አሁን ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ አለ። ምን አድርጌ ነው የምመልሰው?

ማርች 31፣ ሰኞ

ለኩምሳ ነገርኩት።

ቢሮው ገብቼ ሳልቀመጥ፣ ማርች 6 ቀን ጎጆውን አየሁ፣ አልጻፍኩም፣ ቅጠል ጨመርኩበት፣ ቱቦው ያንጠባጥባል ያልኩትም ሰው እንዳይጠጋ ነው አልኩት። በእንግሊዝኛ ነበር፣ አልተደናቀፍኩም። "ለምን?" ሲለኝ ግን እንግሊዝኛው ጠፋኝ።

"ቀንቼ ነው" አልኩት በአማርኛ። "ወፏ ለእሷ ወጣች፣ ለእኔ አልወጣችም። ልጄም እንደዚያው። ቀንቼ ነው፣ ኩምሳ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰምቶኛል። ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ፤ ሀሲባ ፈቃደኛ ከሆነች ትመለስ፣ ሄደሽ ጠይቂያት አለኝ።

ዳቦ ገዝቼ ሳህኑ ላይ አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉን ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። ሳህኑን ተቀበለችኝና አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ።

"መቅናትዎንማ አውቅ ነበር እትዬ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጫማዬ ሥር ጫረች ካልኩዎት ቀን ጀምሮ። 'እሰይ' ሲሉኝ ፊትዎን አየሁት።" ውኃ ጨመረችልኝ። "ያን ቀን አክብሬዎት ነው ዝም ያልኩት ብዬዎታለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ፈርቼዎትም ነው። ሥራውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፣ ቢከፉብኝ የት እገባለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለ ጎጆው ብናገር ይጠሉኛል አልኩ።"

ማንም በሕይወቴ ፈራሁሽ ብሎኝ አያውቅም። እኔ እኮ ሰው የሚያለቅስ ሲያይ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው ነኝ፤ ራሴን እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ተመለሺ አልኳት። አንገቷን ደፋች። "መስታወቱ ቤት አብረን ከሆነ ይቅርብኝ እትዬ። ይቅር ብዬዎታለሁ። ግን አጠገብዎ ስሆን መተንፈስ ያቅተኛል።"

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ኩምሳን ወደ ውጪው ክፍል አዛውረኝ አልኩት። ፍየሎቹና አህያው ጋር ሰው ይፈልጋሉ። እርግጠኛ ነሽ አለኝ። አይደለሁም አልኩት፣ ግን አዛውረኝ። የመስታወቱን ቤት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ስወጣ ወንዱ ይጠራ ነበር። ሴቷ አሁንም ተደብቃለች፣ አልተቀበለችውም።

ኤፕሪል 3፣ ሐሙስ

ሀሲባ ሰኞ ትመለሳለች። ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ ወጥ ቤት ተቀምጬ ስለ ድርጭቶቹ የማውቀውን ጻፍኩላት። በአራት ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን። ጭጋጉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከተከፈተ ወንዱ እንደማይጠራ። ቅጠሉ የደረቀ ከሆነ ኮሽታው ስለሚያስፈራቸው ቀድሞ መርጠብ እንዳለበት። የብርቱካን መዓዛ ያለው ሳሙና እንደማይወዱ። ሴቷ እንቁላል ላይ ከመተኛቷ በፊት ሦስት ቀን ያህል ድምፅዋ እያነሰ እንደሚሄድ፣ ያን ጊዜ ማንም ወደ ጥጉ እንዳይሄድ። አራት ገጽ ሆነ።

ጨርሼ ሳነበው አንድ የቀረ ነገር አገኘሁ። ሴቷ ዝም ባለች ጊዜ ከፏፏቴው ኋላ ካለው ድንጋይ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ቢያፏጩላት ትመልሳለች። በአራት ዓመት ለእኔ የመለሰችልኝ በዚያ ብቻ ነው፤ አምስት ጊዜ። ይሄን ማንም አያውቀውም። ይሄን እንኳ ለራሴ ላስቀረው ብዬ እስክሪብቶዬን ከደንኩ፣ ወረቀቱን አጠፍኩት። ተነሥቼ ድስቱን አጠብኩ።

ከዚያ ተመልሼ ወረቀቱን ዘረጋሁና እሱንም ጻፍኩላት።